አሜዴዎ አቮጋድሮ፦ የሞል ስሌትን መሠረት የጣለው የሕግ ሰው

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ተማሪዎችን ከሚፈትኑ ክፍሎች አንዱ የሞል ስሌት ነው። አንድ ንጥረ ነገር ከሌላው ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚዋሐድ፣ ከውህደቱም ምን ያህል ውጤት እንደሚገኝ የሚሰላበት ይህ ክፍል ብዙ ተማሪዎች ቀመሩን በቃላቸው ይዘው ትርጉሙን ሳይጨብጡ የሚያልፉት ነው። ስሙ በየመማሪያ መጽሐፉ ከዚሁ ስሌት ጋር የሚነሣው ኢጣሊያዊ ሊቅ አሜዴዎ አቮጋድሮ የመጀመሪያ ሙያው ሕግ እንደነበር፣ ከዕድሜውም ብዙ ዓመታት በመንግሥት ቢሮ እንዳሳለፈ ግን እምብዛም አይነገርም። ለተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን በጥናት ለሚያግዙ ወላጆችና ለመላው ተገልጋዮቻችን የሕይወት ታሪኩን እንደሚከተለው አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አቮጋድሮ ኦገስት 9 ቀን 1776 በቱሪን ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን ኢጣሊያ ገና አንድ አገር አልሆነችም፤ ቱሪን የሳርዲንያ ነገሥታት መቀመጫና የፒዬሞንቴ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። አባቱ ፊሊፖ አቮጋድሮ በመንግሥት ዳኝነት ከፍ ያለ ማዕረግ የደረሰ ሰው ሲሆን የቤተሰቡ የኮንትነት ማዕረግም በውርስ ለልጁ ተላልፏል። ልጁ እንደ ቤተሰቡ ልማድ ወደ ሕግ ትምህርት ተመርቶ በ16 ዓመቱ የመጀመሪያውን፣ በ20 ዓመቱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የዶክትርና ማዕረጉን ተቀበለ። ከዚያም በጥብቅና ሥራ ተሰማራ፤ በ1801ም ግዛቱ በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር በነበረበት ወቅት የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ።

ልቡ ግን በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። ከ1800 ገደማ ጀምሮ ሂሳብና ፊዚክስ በግሉ ያጠና ነበር። ከወንድሙ ከፌሊቼ ጋር ስለ ኤሌክትሪክ የጻፈውን ጥናት በ1803 ለቱሪን የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በተከታዩም ዓመት የአካዳሚው ተጻጻፊ አባል ለመሆን በቃ። በ1806 ማስተማር ጀመረ። በ1809 ከቱሪን ወጣ ብላ በምትገኘው በቬርቼሊ ከተማ ኮሌጅ የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆነ፤ ዛሬ ፊዚክስ የምንለው ትምህርት ያን ጊዜ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። በታሪክ የሚታወስበትን ሥራ የሠራው በዚህች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የፓሪስና የለንደን ሊቃውንት በየሳምንቱ ተገናኝተው ከሚከራከሩባቸው ማኅበራት ርቆ ነበር።

የሥራውን ትልቅነት ለመረዳት በዚያን ጊዜ ኬሚስቶችን ያስጨነቀውን ጥያቄ ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ማንኛውም ንጥረ ነገር አቶም ከሚባሉ ጥቃቅን አካላት እንደተሠራ፣ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶምም የራሱ ክብደት እንዳለው በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። ችግሩ አቶምን ማንም ሊመዝነው አለመቻሉ ነበር። ሚዛን የሚነግረን በውኃ ውስጥ 1 ግራም ሃይድሮጅን ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር እንደሚገኝ ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ከአንድ የኦክስጅን አቶም ጋር ቢሆን ኖሮ የኦክስጅን አቶም የሃይድሮጅንን 8 እጥፍ በመዘነ ነበር። ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ከሆነ ግን 16 እጥፍ ይመዝናል። ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው? ዳልተን ማስረጃ ስላልነበረው ቀላሉን መርጦ አንድ ለአንድ አለ። በዚህ ምርጫ ላይ ተመሥርቶ የሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ክብደት ሲሰላ ስሕተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሄደ።

ጉዳዩን ከዕለት ተዕለት ኑሮ በሚገኝ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሕንፃ መሣሪያ መደብር ብሎንና ዳዶ በኪሎ ይሸጣል እንበል። ብረት ገጣሚው ግን የሚሠራው በቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ዳዶ ያስፈልገዋል። አንድ ብሎን 20 ግራም፣ አንድ ዳዶ 5 ግራም ቢመዝን 2 ኪሎ ብሎን 100 ፍሬ ስለሚሆን የሚያስፈልገው 200 ዳዶ፣ ማለትም 1 ኪሎ ዳዶ ነው። ሥርዓቱ አንድ ለሁለት ነው ብሎ 1 ኪሎ ብሎንና 2 ኪሎ ዳዶ የገዛ ሰው 50 ብሎንና 400 ዳዶ ይዞ ይመለሳል፤ 300 ዳዶም ያለ ሥራ ይቀርበታል። ስለዚህ ገዢው ከሚዛን ወደ ቁጥር ለመሻገር የአንዱን ፍሬ ክብደት ማወቅ አለበት። የዳልተን ዘመን ኬሚስቶች በእጃቸው የነበረው ሚዛኑ ብቻ ነበር፤ የአንዱን ፍሬ ክብደት አያውቁም፣ አንዱ ብሎን ስንት ዳዶ እንደሚወስድም አያውቁም።

መውጫውን መንገድ የጠቆመው ከጋዞች የተገኘ ውጤት ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሉዊ ጌ-ሉሳክ ጋዞች ሲዋሐዱ ይዘታቸው ምንጊዜም በቀላል ሙሉ ቁጥሮች እንደሚነጻጸር በ1808 አስታወቀ። ሁለት ሊትር ሃይድሮጅንና አንድ ሊትር ኦክስጅን ተዋሕደው ሁለት ሊትር የውኃ እንፋሎት ይሰጣሉ። አንድ ሊትር ናይትሮጅን ከሦስት ሊትር ሃይድሮጅን ጋር ሁለት ሊትር አሞኒያ ይሰጣል። እነዚህ ንጹሕ ቁጥሮች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ብዛት ያላቸው አካላት እንዳሉ የሚጠቁሙ ይመስላል። ዳልተን ግን ይህን ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበረም፤ ምክንያቱም ባዶ አልነበረም። አንድ ሊትር ኦክስጅን ሁለት ሊትር እንፋሎት የሚሰጥ ከሆነ አንድ የኦክስጅን አካል ለሁለት የውኃ አካላት መዳረስ አለበት፤ ይህም የማይከፈለውን አቶም ለሁለት መክፈል ይሆናል።

አቮጋድሮ በ1811 በፈረንሳይኛ በሚታተም የፊዚክስ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ይህን ቋጠሮ በሁለት ሐሳቦች ፈታው። አንደኛው፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ይዘት ውስጥ እኩል ብዛት ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ የሚለው ነው። ሁለተኛውና ደፋሩ ሐሳብ ደግሞ የንጥረ ነገር ጋዝ ሞለኪውል የግድ ነጠላ አቶም አይደለም፤ በውህደት ጊዜ ሊለያይ ይችላል የሚለው ነው። ዛሬ በምንጠቀምበት አገላለጽ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት አቶሞች ያሉት በመሆኑ ሲከፈል የሚለያዩት ሁለቱ አቶሞች ናቸው፤ አቶሙ ራሱ አይሰበርም። በዚህም ዳልተን የፈራው ተቃርኖ ተወገደ፤ የውኃ ሞለኪውልም ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን እንዳለው ታወቀ።

ከመጀመሪያው ሐሳብ ሌላ ትልቅ ጥቅም ተገኘ። በሁለት እኩል ዕቃዎች ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በቁጥር እኩል ከሆኑ፣ የሁለቱን ጋዞች ክብደት ማነጻጸር የአንዱን ሞለኪውል ክብደት ከሌላው ሞለኪውል ጋር ማነጻጸር ነው። ማንም ሞለኪውልን ማየት ሳያስፈልገው ሚዛኑ እንደ መቁጠሪያ ያገለግላል ማለት ነው። አቮጋድሮ በዘመኑ የነበሩትን ልኬቶች ተጠቅሞ የኦክስጅን ሞለኪውል የሃይድሮጅንን 15 እጥፍ ያህል እንደሚመዝን አሰላ፤ በዛሬው ትክክለኛ ልኬት 16 እጥፍ ገደማ ነው።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው የሞል ስሌት ይኸው ሐሳብ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉበትም ቦታ ከላይ በብሎንና በዳዶ የታየው ነው። በአሞኒያው ቀመር ውስጥ ከናይትሮጅን ፊት 1፣ ከሃይድሮጅን ፊት 3 ይጻፋል። እነዚህ ቁጥሮች የሞለኪውል ብዛት ናቸው፤ ግራም አይደሉም። 28 ግራም ናይትሮጅን ይዞ ሥርዓቱ አንድ ለሦስት ነው በማለት 84 ግራም ሃይድሮጅን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከሚያስፈልገው 14 እጥፍ ይወስዳል። የሚያስፈልገው 6 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው 78 ግራም ሳይዋሐድ ይቀራል። ትክክለኛው ስሌት 28 ግራም ናይትሮጅንና 6 ግራም ሃይድሮጅን 34 ግራም አሞኒያ ይሰጣሉ የሚል ነው። ገበሬዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚሁ ከአሞኒያ በመሆኑ በፋብሪካ ደረጃ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያስከትለውን ኪሳራ መገመት አያዳግትም።

ይህን ያህል ነገር የፈታ ጽሑፍ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሰሚ አላገኘም። በ1814 ታዋቂው ፈረንሳዊ አንድሬ ማሪ አምፔር በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሐሳብ ቢያቀርብም ሁኔታው አልተለወጠም። አንዳንድ ጽሑፎች ነገሩን በአቮጋድሮ ላይ እንደተፈጸመ በደል አድርገው ያቀርቡታል፤ ይህ ግን ሙሉ እውነቱን የሚያሳይ አይመስለንም። በዘመኑ እጅግ ተሰሚ የነበረው ስዊድናዊው ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ አቶሞች የሚያያዙት በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው ብሎ ያስተምር ስለነበር ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች ይያያዛሉ የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች የማይታመን ነበር። አቮጋድሮ ደግሞ ሐሳቡን የሚደግፍ አዲስ የቤተ ሙከራ ውጤት አላቀረበም። በዚህ ላይ አጻጻፉ ለአንባቢ የሚያስቸግር ነበር፤ አቶም የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ሞለኪውል የሚለውን አንድ ቃል በተለያዩ ቅጽሎች እየለዋወጠ ለተለያዩ ነገሮች ተጠቅሞበታል። ለሕዝብ መረጃ ማዘጋጀት ሥራው የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ሐዘንም መረዳትም ይሰማዋል፤ የቃላት አለመለየት ትክክለኛ ሐሳብን ለብዙ ዘመን ሊሸፍን ይችላልና።

በዚህ መካከል አቮጋድሮ ፌሊቺታ ማዜ የተባለችውን ሴት አግብቶ ስድስት ልጆች አሳድጓል። በ1820 የቱሪን ዩኒቨርሲቲ የሂሳባዊ ፊዚክስ የፕሮፌሰርነት መንበር ሲያቋቁም የመጀመሪያው ተሿሚ እርሱ ነበር። ደስታው ብዙም አልቆየም። በ1821 በፒዬሞንቴ በንጉሡ አገዛዝ ላይ ዓመፅ ተነሣ፤ ዓመፁ ከተደመሰሰ በኋላ መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ሲያደርግ መንበሩ ተዘጋ። አቮጋድሮ አነስተኛ ጡረታ ተቆርጦለት ወደ ቀድሞ ሙያው ተመለሰ፤ በመንግሥት ሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በከፍተኛ መርማሪነት ተመደበ። የሞለኪውሎችን ብዛት ከክብደት ለማወቅ መንገድ ያገኘው ሰው የመንግሥትን ወጪና ገቢ በመመርመር ዓመታት አሳለፈ።

መንበሩ በ1832 እንደገና ሲከፈት በመጀመሪያ የተሰጠው ለታላቁ ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ለኦጉስታን ሉዊ ኮሺ ነበር። ኮሺ ብዙ ሳይቆይ ከተማዋን ለቆ ሲሄድ በ1834 አቮጋድሮ ወደ ቦታው ተመለሰና እስከ 1850 አስተማረ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ቁስ አካላት ፊዚክስ በአራት ትላልቅ ቅጾች የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተመ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በስታቲስቲክስ፣ በሚዛንና በመለኪያዎች ጉዳይ በተቋቋሙ የመንግሥት ኮሚሽኖች አገልግሏል፤ ሜትርንና ኪሎግራምን መሠረት ያደረገው የመለኪያ ሥርዓት በፒዬሞንቴ ሥራ ላይ እንዲውል ከሠሩት መካከል አንዱ ነበር። በሕዝብ ትምህርት ከፍተኛ ምክር ቤት ውስጥም ተሳትፏል። ዝምተኛና ለራሱ ክብር የማይጨነቅ ሰው እንደነበር ይነገርለታል። ጁላይ 9 ቀን 1856፣ 80 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ በቱሪን አረፈ። ሲሞት ሐሳቡን የተቀበሉት ኬሚስቶች ጥቂቶች ነበሩ።

የኬሚስትሪው ዓለም ግን በዚያን ጊዜ ግራ ተጋብቶ ነበር። አንዱ ሊቅ ኦክስጅንን 8፣ ሌላው 16 እያለ ስለሚያሰላ አንዱ የጻፈውን ቀመር ሌላው ማንበብ አልቻለም። ጀርመናዊው ኬኩሌ ለአሴቲክ አሲድ ብቻ በየጽሑፉ ያገኛቸውን 19 የተለያዩ ቀመሮች በመጽሐፉ ደርድሯል። ይህ አሲድ በማዕድ ቤታችን አቼቶ በሚል የኢጣሊያ ስም የምናውቀው ነገር ዋና ንጥረ ነገር ነው። ሁኔታው ያሳሰባቸው ኬሚስቶች ሴፕቴምበር 1860 በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ጉባኤ ጠሩ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች ከመቶ በላይ ሊቃውንት ተሰበሰቡ።

በዚያ ጉባኤ የአቮጋድሮን ሐሳብ ይዞ የቆመው የፓሌርሞ ተወላጁ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ነበር። ካኒዛሮ በጄኖቫ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ያስተምርበት የነበረውን መንገድ በ1858 አሳትሞት ነበር፤ መምህራን ቢያስተውሉት መልካም የምንለውም ይህ ነው፣ ጉዳዩ የጠራው ለክፍል በተዘጋጀ ትምህርት ነውና። አካሄዱ እንዲህ ነበር። ኦክስጅን ያለባቸውን ብዙ ጋዞች በእኩል ይዘት ወስዶ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስንት እንደሚመዝን ይመረምራል። የሃይድሮጅን ጋዝ ሞለኪውል 2 ሆኖ ሲወሰድ በውኃ እንፋሎት ውስጥ 16፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ 16፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ 32 ይገኛል፤ 8 ግን በየትኛውም አይገኝም። እንግዲያው የኦክስጅን አቶም ክብደት 16 ነው። በዚሁ መንገድ ካርቦን 12 ሆኖ ይገኛል። ዳልተን በግምት ያለፈው ጥያቄ በዚህ ማስረጃ ተዘጋ።

ጉባኤው በአቶም ክብደት ጉዳይ ላይ ቁርጥ ያለ ስምምነት ላይ አልደረሰም። ሊበተን ሲል ግን የካኒዛሮ ጽሑፍ ለተሰብሳቢዎቹ ታደለ። ከወሰዱት አንዱ ሎታር ማየር ጽሑፉን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ጥርጣሬው ሁሉ እንደተወገደለት መስክሯል። በጉባኤው የነበረው ወጣቱ ሩሲያዊ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭም በአዲሶቹ የአቶም ክብደቶች ተመርቶ በ1869 የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ አወጣ፤ ዛሬ በየኬሚስትሪ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰንጠረዥ የተገኘው ከዚህ ነው።

በመማሪያ መጽሐፍ የአቮጋድሮ ቁጥር የሚባለውን ቁጥር አቮጋድሮ ራሱ አያውቀውም ነበር። እርሱ ያስተማረው የሞለኪውሎቹ ብዛት እኩል መሆኑን ነው፤ ስንት እንደሆኑ መገመት የተጀመረው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስያሜውን የሰጠው ፈረንሳዊው ዣን ፔረን በ1909 ሲሆን፣ የቁስ አካልን ጥቃቅን አወቃቀር በተመለከተ ላደረገው ምርምር በ1926 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሞል በ1971 ከዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት መሠረታዊ አሐዶች አንዱ ሆነ። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 በ10 ሃያ ሦስተኛ ርቢ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል አካላት ብዛት እንዲሆን ተወስኗል። ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ ሞልም የብዛት ስም ነው፤ ልዩነቱ የቁጥሩ ትልቅነት ብቻ ነው።

አሠራሩን በአንድ ጥያቄ እናሳይ። 250 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ ሲቃጠል ምን ያህል ኖራ ይገኛል? የኖራ ድንጋይ አንድ ሞሉ 100 ግራም ስለሚመዝን 250 ግራም ማለት 2.5 ሞል ነው። በተመጣጠነው ቀመር መሠረት ከአንድ ሞል ድንጋይ አንድ ሞል ኖራና አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ስለዚህ 2.5 ሞል ኖራ ይገኛል። የኖራ አንድ ሞል 56 ግራም ስለሆነ 2.5 በ56 ሲባዛ 140 ግራም ይሆናል። ተማሪው ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ሞል፣ ከዚያም ከሞል ወደ ግራም መሻገሩን ልብ ይሏል፤ የቀመሩ ቁጥሮች የሚያገለግሉት በመካከለኛው ደረጃ ብቻ ነው። ሥራውን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ያስላ፤ 2.5 በ44 ሲባዛ 110 ግራም ነው፣ ከ140 ጋር ሲደመርም ወደ እቶኑ የገባው 250 ግራም ይመለስለታል።